ለጭስ ገንዘብ ስንለምን

ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሥራ ደህና ስም ያገኘው እኔ ጡረታ ልወጣ ስል ነው። በመጨረሻው ወር አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ለሽኝቴ የሚነበበውን ጽሑፍ ስታዘጋጅ «ለንጹህ አየር ፕሮጀክቶች ፋይናንስ በማሰባሰብ» የሚል ሐረግ አስገባችና እንዲህ ቢባል ይሻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ፤ ሳቄም መጣ። እኛ ስንጀምር እንዲህ ያለ ስም አልነበረንም። ጎረቤቶቼ ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ «ለጭስ ገንዘብ እለምናለሁ» እላቸው ነበር። ግማሾቹ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ አድርገው ወስደውኛል፤ አንዷማ ከቆጣሪዋ ብልጭታ ሲነሳ ቶሎ እንድደርስላት ሰው ልካብኛለች።

ቢሮአችን ኦሎምፒያ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊነቴን ትቼ እዚያ የገባሁት እንግሊዝኛዋ ደህና ነው ተብዬ ነው። ድርጅቱ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የመስክ ሥራውን የሚሠሩት አቶ ደምሴ፣ እኔ፣ አንድ ሾፌርና አንድ ጥበቃ ነበርን። ደመወዙ ከመንግሥት ቤት ይሻላል፤ ነገር ግን ኮንትራቱ በየዓመቱ ስለሚታደስ ክረምት በገባ ቁጥር ሌላ ሥራ ማጠያየቅ እጀምር ነበር።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ገንዘብ የሚሰጡት የውጭ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው። አንዱ ለደን ይሰጣል፣ አንዱ ለጤና፣ አንዱ ለሴቶች። ለአየር የሚሰጥ አልነበረም። አየር ማን ይከፍልበታል? ስለዚህ ያንኑ የአንድ ጎጆ ጭስ ለደኑ ሰው የተቆረጠ ዛፍ አድርገን፣ ለጤናው ሰው ሳል አድርገን፣ ለሴቶቹ ጉዳይ ደግሞ እሳት ዳር የባከነ ቀን አድርገን እንጽፈዋለን። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር የማጭበርበር ያህል ይከብደኝ ነበር። አቶ ደምሴ ግን ምንም አላሳፈራቸውም። ጭሱ እውነተኛ እስከሆነ ድረስ በየትኛውም በር ቢገባ ግድ የለኝም ይሉ ነበር።

አቶ ደምሴ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ባንክ ቤት የብድር ጠያቂዎችን ንብረት እየዞሩ ሲገመግሙ ኖረው የወጡ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። የሚታጠፍ የሸራ በርጩማ ነበረቻቸው። ጭስ አለበት የተባለ ቤት ስንሄድ በርጩማዋን ዘርግተው ከእሳቱ አጠገብ ይቀመጡና እሳቱ ከተያያዘበት ጊዜ ጀምሮ እስኪጠፋ ድረስ አይነሱም። እንባቸው እየወረደ እንኳ አይነሱም። እዚያ ቤት ውስጥ ወረቀት አያወጡም፤ የሚጽፉት ወጥተው፣ አጥር ጥግ ቆመው ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ ሲጻፍበት ይለወጣል ይሉኝ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ማንበብ ነው። ስለ አንድ ሰው የተጻፈ ማመልከቻ ያ ሰው በሚገባው ቋንቋ ሳይሰማው ከቢሮ አይወጣም። በእንግሊዝኛ ከጻፍነው በኋላ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ፤ እርሳቸው ይዘውት ይሄዱና ቃል በቃል ያነቡታል፤ እያነበቡ ወረቀቱን ሳይሆን የሰሚውን ፊት ያያሉ። ፊት የተለወጠበት ቃል ሥር በእርሳስ ያሰምራሉ። አንድ ጊዜ ወሎ ሰፈር እንጀራ እየጋገሩ ለሆቴል የሚያስረክቡ ሴቶች ጋ ስናነብ «ችግረኛ እናቶች» የሚለው ላይ አንዷ ቀና አለች። አቶ ደምሴ አሰመሩ፤ ቢሮ ስንመለስ ቃሉ ወጥቶ በቦታው ሴትየዋ በቀን ስንት እንጀራ ለየትኛው ሆቴል እንደምታደርስ ገባ። ገንዘቡም ተገኘ። እኔ ግን ያኔ ልማዱን እንደ ሽማግሌ ትዕግሥት እንጂ እንደ ሙያ አላየሁትም ነበር።

ቡልቡላ የሄድነው በሰማንያዎቹ ማገባደጃ ላይ ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየሙን ብቻ ለሚያውቅ ሰው እዚያ ጤፍና ሽንብራ ይዘራ ነበር ቢሉት ቀልድ ይመስለዋል። ከወሎ ሰፈር የምንሳፈረው ታክሲ ግማሽ መንገድ ያደርሰናል፤ የቀረውን በእግር ነው፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። አውሮፕላን ከጎጆዎቹ በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ በሬዎቹ እንኳ ቀና አይሉም ነበር።

እዚያ ነው አዴ ጫልቱንና ባላቸውን ኦቦ ቱፋን ያወቅናቸው። አዴ ጫልቱ አረቄ አውጥተው ይሸጣሉ። አረቄ ማውጣት እሳት ዳር መታሰር ነው፤ እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ይገነፍላል፣ ከደከመ አይተንም፤ ስለዚህ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ከዚያ መነሳት የለም። በሩም ይዘጋል፤ ንፋስ እሳቱን እንዳያዛባው። የሚነደው ኩበትና ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። አቶ ደምሴ በርጩማዋን ዘርግተው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ተመለስኩ። የአዴ ጫልቱ ግራ ዓይን ቀድሞ ነጭ ለብሶ ጠፍቷል። ለቀኙ የጤና ረዳቱ ቅባት ሰጥቷቸው ነበር፤ ሆኖም ጭሱ ካልቀረ ቅባቱ ብቻውን እንደማይጠቅም፣ ቀኙም እንደ ግራው እንደሚሆን ቁርጡን ነግሯቸዋል። ይህን ሲያጫውቱን ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

መፍትሔው አስቸጋሪ አልነበረም። ማሰሮውን የሚከብ የጭቃ ምድጃና ጭሱን በጣሪያ በኩል የሚያወጣ ቱቦ ነው። ኦቦ ቱፋ ግን ጥያቄ ነበራቸው። ጭሱ ለሣር ክዳኑ ጥቅም አለው፤ ከነቀዝና ከመበስበስ ይጠብቀዋል፤ ደግሞ የጋለ ቱቦ ሣር ውስጥ ቢያልፍ ቤቱን ማን ያድንላቸዋል? አቶ ደምሴ በጥያቄው ተደሰቱ። ቱቦው በሚያልፍበት ዙሪያ ሰፊ ቆርቆሮ እንዲገባና ክዳኑ በየጊዜው እንዲታደስ ተስማማን፤ ዋጋው ከፍ አለ፤ ሆኖም ትክክለኛው ዋጋ ያ ነበር። የአካባቢው ሌሎች ቤቶችም ተጨመሩና ዝርዝሩ አርባ ሁለት ቤት ደረሰ።

ጊዜው የወሬ ጊዜ ነበር። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት ነው፤ አንዱ የድሮ ባለርስቶች ሊመለሱ ነው ይላል፣ ሌላው ከተማው መሬቱን ሊወስድ ነው ይላል። ኦቦ ቱፋ ስለ ምድጃ ስናወራቸው እንኳ ወደ እርሻቸው ደጋግመው ያዩ ነበር። እኔ ይህን አይቻለሁ፤ ነገር ግን የእኔ ሥራ ጭስ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ፈቃደኛ ለጋሽ ተገኘ። ከአውሮፓ የሆነ፣ ለሴቶች ጤና የሚሰጥ ድርጅት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ እያንዳንዱ ቤት ጭቃና ጉልበት እንደሚያዋጣ የሚያረጋግጥ በፊርማ የተሞላ ዝርዝር ከማመልከቻው ጋር እንዲደርሰው። ጊዜው አጭር ነበር። በዚያው ሳምንት ወንድማቸው ደሴ ላይ ስላረፉ አቶ ደምሴ ለቀብርና ለሐዘን ሄዱ። ሲሄዱ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ አንብቢላቸው።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ደረስኩ። ቢሮ ውስጥ አንድ ቀልድ ነበረን። ከጭስ ቤት ስንመለስ፣ ልብሳችን ሲሸት፣ «ዛሬ ስንት ጭሰኛ ጎበኛችሁ?» እንባባል ነበር። እኔ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ጭሰኛ ለእኔ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ቃል ነው፤ ተምሬው፣ ተፈትኜበት፣ ረስቼዋለሁ። ዝርዝሩን ታይፕ ስመታ ከስሞቹ በላይ «ጭስ የሚበዛበት ቤት ባለቤት ስም» የሚለው በጠባቧ ዓምድ አልገባ አለኝ። ሦስት ጊዜ ወረቀት ቀየርኩ። በመጨረሻ «የጭሰኛ ስም» ብዬ መታሁት። በትክክል ገባ። እጄም ልቤም አልጠረጠረም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በገበሬ ማኅበሩ ግቢ ሰበሰብኳቸው። ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ሰዉም ወደ ከብቱ ለመሄድ ቸኩሏል። ስለ ምድጃው፣ ስለ ቱቦው፣ ስለሚያዋጡት ጭቃ በቃሌ ደህና አድርጌ አስረዳሁ። ወረቀቱን ግን አላነበብኩም። የማውቀውን ነገር ምን ብዬ አነባለሁ አልኩ። ኦቦ ቱፋ ቀድመው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ፤ ሌሎቹ ተከተሏቸው። አንዱን ቅጂ ለማኅበሩ ጸሐፊ ትቼ ዝናቡ ሳይመታኝ ተመለስኩ። በዚያ ምሽት በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ የለጋሹ ተወካይ መጣች። መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለች፣ ትሑት ሴት ናት። እርስዋን፣ ሥራ አስኪያጁንና እኔን የያዘው መኪና ቡልቡላ ሲደርስ አዴ ጫልቱ ቤት እሳት አልነደደም። ወንዶቹ ከኦቦ ቱፋ አጥር ፊት ቆመዋል፤ ጸሐፊው እኔ የተውኩለትን ቅጂ ይዟል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ሰላምታው አልጎደለም፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ምንም ያልገባኝ።

ኦቦ ቱፋ ወረቀቱን ከጸሐፊው ተቀብለው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

እኔ ነኝ አልኩ።

«እዚች መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኜ ከምርቴ ሲሶውን ስሰጥ ኖሬያለሁ። አባቴም እንደዚያው። መሬቱ የአንተ ነው ከተባልኩ ሃያ ዓመት አልፏል። አሁን በጣቴ አስፈርመሽ ጭሰኛ አድርገሽኛል። ጌታዬ ማነው? እሱን ንገሪኝ።»

ያን ጊዜ ቃሉን እንደ አዲስ አየሁት።  ጭስ ያለበት ቤት ለማለት ነው፣ ከጭስ የመጣ ነው እያልኩ ተንተባተብኩ። ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ ጭሰኛም ቢሆን ከጭስ አይደል የመጣው? ከኋላ አንዱ ሰው ባለርስቱ ልጆቹን ከውጭ ልኳል ሲል ሰማሁ፤ የተወካይዋን ፊት እያየ ነበር።

ተወካይዋ ምን እንደሚባል ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ በቅን ልቡ፣ ስለ መሬት ይዞታ ትንሽ አለመግባባት ተፈጥሮ ነው ብሎ ተረጎመላት። መሬት የሚለውን ስትሰማ ማስታወሻዋን ዘጋች። ድርጅታቸው የመሬት ክርክር ያለበት ቦታ እንዳይገባ ደንብ ነበረው፤ እኛም ደንቡን እናውቀዋለን። ክርክር የለም፣ የእኔ የታይፕ ስህተት ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ላስረዳት ሞከርኩ። አንድ ቃል አርባ ሁለት አባወራ እንዴት እንደሚያስቆም ቋንቋውን ለማይናገር ሰው ማስረዳት ግን ከባድ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በጣም ጨዋ የሆነ ደብዳቤ ደረሰን። ገንዘቡ ወደ ሌላ አገር ሄደ።

አቶ ደምሴ ከደሴ የተመለሱት ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ነው። ሐዘናቸው ገና ከፊታቸው አልጠፋም። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቅጂውን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡ፤ ሰሚው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቃሉ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው ፊቴን አዩ።

«ለማን አነበብሽው?» አሉኝ።

«ለማንም።»

 ብዙ አለቆች ጮኸውብኛል፤ የማንኛቸውንም ጩኸት ዛሬ አላስታውስም፤ ያችን ጥያቄ ግን አስታውሳታለሁ። በማግስቱ ከደብዳቤው ጋር የተመለሰልንን፣ አሻራ ያለበትን ዋናውን ወረቀት ይዘን ቡልቡላ ሄድን። የሰው ጣት በፖስታ አይመለስም፣ ከባለቤቱ እጅ ነው የሚገባው አሉ። እያንዳንዱን ስም በመቀስ ቆርጠን ቤት ለቤት እየዞርን መለስን። ይቅርታ ማለት ያለብኝ እኔ ስለሆንኩ እርሳቸው ከአጥር ውጭ ይጠብቁኛል። አንዳንዱ ሳቀብኝ፣ አንዳንዱ ውሃ ሰጠኝ፤ አንዲት ሴት ቁራጩን ተቀብላ እሳት ውስጥ ጨመረችው። ኦቦ ቱፋ የራሳቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ልብ በይ፣ ልጄ፣ ብቻ አሉኝ።

ልወጣ ስል አዴ ጫልቱ በሩ ጋ ክንዴን ያዙኝ። ባላቸው እንዳይሰሟቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔስ ጭሰኛም ብትይኝ ግድ አልነበረኝም። ያ ቱቦ ቢመጣልኝ።»

ይህን ሰምቼ ሌሊቱን አልተኛሁም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ተኝቻለሁ። ነገር ግን ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የመጣልኝ እርሱ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጠዋት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ፈጀ። ያመለከትንባቸውን ቦታዎች ብዘረዝር አንባቢ ይሰለቻል። ለደን ሰጪው ስንጽፍ አረቄ የሚለውን አይተው ለመጠጥ አንሰጥም አሉ። ለጤናው ስንጽፍ በሽታው የሳንባ ቢሆን ይሻላል አሉ፤ የዓይን ጉዳይ የሌላ ክፍል ነው። አንዱ ደግሞ ቆርቆሮው ይቀነስና ዋጋው ይውረድ አለን፤ አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሰው በሣር ቤቱ ላይ እሳት እንዲነሳበት አንፈርምም ብለው መለሱለት። መነጽር ካወለቁ እምቢታቸው የመጨረሻ እንደሆነ እናውቅ ነበር። እኔ በየወሩ ቡልቡላ እየሄድኩ ያለውን እነግራቸዋለሁ፤ የምነግራቸው ባይኖርም እሄዳለሁ። አዴ ጫልቱ መጀመሪያ አካባቢ ከሩቅ አይተው ይጠሩኝ ነበር። በኋላ አጥሩ ጋ ስደርስ፣ ከዚያም ድምፄን ሲሰሙ ሆነ።

በመጨረሻ የአንድ ኤምባሲ ትንሽ የእርዳታ ገንዘብ ተገኘ፤ ለአርባ ሁለቱ ሳይሆን ለአሥራ ስምንት ቤት ብቻ የሚበቃ። ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ በዓይኗና በደረቷ የታመመች ሴት ያለችበት ቤት ይቅደም አሉ። አዲሱን ዝርዝር አቶ ደምሴ እንዳነብ ለእኔ ሰጡኝ። በማኅበሩ ግቢ ቆሜ ከርእሱ ጀምሬ እያንዳንዷን ቃል አነበብኩ፤ አማርኛው ላልገባቸው ጸሐፊው በኦሮምኛ ይመልሳል። ዓምዱ «የባለቤት ስም» ይላል። ዓይኔን ከፊታቸው አላነሳሁም። ኦቦ ቱፋ እንደገና እንዳነበው ጠየቁኝ፤ እንደገና አነበብኩት።

ከዚያ ለማተም አልተነሱም። «እሳቱ ጋ የምትውለው እሷ ናት» አሉና አዴ ጫልቱን በክንዳቸው ደግፈው አመጡ፤ የሚስታቸውን ጣት ራሳቸው ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አስቀመጡላቸው። አዴ ጫልቱ ምን እንደሚል ጠየቁ። ባለቤት ይላል አሏቸው።

ምድጃው ጥቅምት ላይ ተሠራ። ቱቦው ሲቆም ሠራተኛውን ቆርቆሮውን ሁለት ጊዜ አስነስቼ እንደገና አስጠበቅኩት፤ ሰለቸሁት። ጭቃው ደርቆ እሳት በተያያዘበት ቀን አቶ ደምሴ በርጩማቸውን ይዘው ገቡና ከእሳቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔም ከአጠገባቸው መሬት ላይ። ኩበቱ ነደደ፤ በሩ ተዘግቷል። አንድ ሰዓት ቆየን። ማንም አልሳለም፤ የማዶው ግድግዳ፣ የተሰቀለው ቅል፣ የአቶ ደምሴ ፊት ሁሉም ይታየኛል። ውጭ ያሉ ሰዎች ከጣሪያው በላይ የሚወጣውን ጭስ እያዩ ሲሳሳቁ ይሰማል።

አዴ ጫልቱ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው አየሩን ዳሰሱት።

«ወጣ?» አሉ።

«ወጣ፣ አዴ።»

«አዎ፣ ደረቴ አውቆታል» አሉና ፈገግ ብለው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ትንሽ ከእኔ ወደ ግራ ነበር ያዩት።

ባለሙያዎቹ ያ ዓይን በማንኛውም ሁኔታ ሊጠፋ ይችል ነበር ብለውኛል፤ ምናልባት እውነታቸውን ነው። እኔ የማውቀው ቱቦው ከሁለት ዓመት በፊት ሊመጣ እንደነበረ ነው፤ ያኔ ደግሞ አዴ ጫልቱ ከሩቅ አይተው በስሜ ይጠሩኝ ነበር።